ስለ ደበዘዘው እሳት፤ በጁሊ ምሕረቱ ሥዕል ላይ የቀረበ አስተያየት

በ2010 ዓመተ ምሕረት፥ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ በጉብሬ ከተማ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የማታውን ወሬ ያሳይ ነበር። መጀመሪያ ቀድሞ በርማ ትባል በነበረችው በምያንማር አገር የሮሂንጋ ሰዎች ቤት ሲቃጠል ታየ፤ ወዲያው ደግሞ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ጫካና መንደር አብሮ ሲነድ ታየ። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ስለ ነበረ በጣራው ላይ ያለው ዲሽ በደንብ አልያዘም፤ ሥዕሉ እየተሰባበረ ካሬ ካሬ ይሆን ነበርና አንዱ እሳት የት ላይ እንዳለቀ፥ ሁለተኛውም የት ላይ እንደ ጀመረ ለመለየት አልተቻለም። ዝናቡ እስኪያባራ ከበሩ ተጠግተው የቆሙ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፥ የሣር ቤት ሲቃጠል እንዴት እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸውና፥ ትክ ብለው ሲያዩ ቆይተው አስተናጋጁን «ልጄ፥ ይህ የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «እኔ እንጃ እማማ፥ የውጭ አገር ነው» አለና ጣቢያውን ወደ ኳስ ጨዋታ ቀየረው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ ጊዜ ዐልፏል። ይሁን እንጂ ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ሠርታ «ሂኔኒ» ብላ የሰየመችውን ሥዕል ያየሁ ጊዜ የእኒያ እናት ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ምክንያቱም ለሥዕሉ መሠረት የሆኑት የወሬ ፎቶግራፎች የእነዚያው የሁለቱ እሳቶች ናቸው፤ በ2017 የተነሣው የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳትና በዚያው ዓመት የተፈጸመው የሮሂንጋ መንደሮች ቃጠሎ። በጉብሬ ቡና ቤት ዝናብና ዲሽ ሳያስቡት ያደባለቁትን እርስዋ አስባበት አደባልቃዋለች። እንግዲህ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ መደባለቅ የተገባ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

ሠዓሊዪቱን ለማያውቋት አንባቢዎች ጥቂት እንበል። ጁሊ ምሕረቱ በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደች። አባትዋ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር፥ እናትዋም አሜሪካዊት ናቸው። በአብዮቱ ዘመን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977፥ ቤተ ሰቡ አገር ለቆ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ተቀመጠ። ዛሬ ኑሮዋና ሥራዋ በኒውዮርክ ሲሆን ስምዋ በዓለም ከታወቁት ሠዓልያን ጋራ ይጠራል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሥራዎችዋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፥ በሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ቀድሞ ትሠራቸው የነበሩት ሥዕሎች የከተማና የሕንፃ ንድፍ በንድፍ ላይ እየተደራረበ የተሣለባቸው ነበሩ፤ በ2012 በጀርመን አገር በካሰል ከተማ የታየው «ሞጋማ» የተባለው ባለ አራት ክፍል ሥዕል የካይሮውን የታህሪር አደባባይና የእኛን የመስቀል አደባባይ ከሌሎች አደባባዮች ጋራ በአንድነት ይዟል። ስለ እነዚያ ሥራዎች ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንዘገይባቸውም።

የኋለኛው ዘመን አሠራርዋ ግን እንዲህ ነው። በጋዜጣ፥ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ከሚሰራጨው የወሬ ፎቶግራፍ አንዱን ትመርጣለች። ያን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ላይ ታገላብጠዋለች፥ ትቈርጠዋለች፥ ታደበዝዘዋለች፤ የሰው መልክ፥ የቤት ማዕዘን፥ የዛፍ ቅርንጫፍ ሁሉ ጠፍቶ የቀለምና የብርሃን ጉም ብቻ እስኪቀር ድረስ። ይህ ጉም በሚረጭ ቀለም በትልቅ ሸራ ላይ ይሠፍራል። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ጥቁር ቀለም በብሩሽ ትጥልበታለች፤ አንዳንዱን በእጅ ትሥላለች፥ አንዳንዱን እንደ ወንፊት በሳሳ ጨርቅ አሳልፋ ታትማለች፥ አንዳንዱን ደግሞ ከሣለች በኋላ ፍቃ ታጠፋዋለች። ስለዚህ ሥራው የብሩሽ ሥዕል ነው ወይም ኅትመት ነው ብሎ አንድ ስም ለመስጠት ያስቸግራል። በጥንት መጻሕፍታችን የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በምትኩ የአዲሱ ስም ሲጻፍበት፥ ብራናውን ወደ ፀሐይ ያቀና ሰው የፊተኛውን ፊደል በሥሩ እንደሚያገኘው፥ እንዲሁ በዚህ ሸራ ላይ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሊነበብ አይቻልም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ክርክር ይነሣል። በ2014 ነሐሴ ወር፥ በአሜሪካ በፈርጉሰን ከተማ፥ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቍር ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ ሕዝቡም ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። በዚያ ሰሞን ከተነሡት ፎቶግራፎች በአንዱ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በሙሉ ትጥቅ በተሰለፉ ፖሊሶች ፊት ይታያል። ጁሊ ምሕረቱ በ2016 ይህን ፎቶግራፍ አደብዝዛ በላዩ ላይ ሥዕል ሣለችበት፤ ስሙም በአማርኛ ሲመለስ «የተጠሩ ብልቶች (ዐይን)፥ ፈርጉሰን» እንደ ማለት ነው። ሰውዬው በሥዕሉ ውስጥ የለም። በግራጫው ጉምና በጥቁሩ መስመር መካከል ዐይን የሚመስል፥ የሰው ገላ የሚመስል ነገር ብቅ ይልና መልሶ ይሰወራል እንጂ ይህ እጅ ነው፥ ይህ ፊት ነው ተብሎ የሚጠቈም የለም።

እንግዲህ ሰውዬው እጁን ያነሣው ባዶ መሆኑ እንዲታይለት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺውም ያንኑ እንዲያይለት ቆመ። ሠዓሊዪቱ መጥታ የታየውን ብታጠፋው በዚያ ሰው ላይ ሁለተኛ በደል አልሠራችምን? ይህን ጥያቄ እኔ ብቻ ሳልሆን ብዙ አንባቢዎቻችንም እንደሚጠይቁት ዐውቃለሁ። ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዐይኑን የከፈተ ሰው ነገሩን በቀላሉ አይቀበለውም። በሥዕላችን ደንብ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፥ ሁለት ዐይኑ ገልጦ ይሣላል፤ ከሓዲውና ክፉው ግን በጎን ዞሮ በአንድ ዐይን ይታያል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ከቅኔ ማሕሌቱ ገብቶ ግድግዳውን ባየ ጊዜ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዐይን ቍጥር ይለያል። ጁሊ ምሕረቱ ግን ዐይን ሰጥታን ፊት ነሳችን። ያ ዐይን እጁን ያነሣው ሰው ይሁን ወይም ጠመንጃ የደገነው ለማወቅ አንችልም።

ለዚህ ክርክር መልስ ከመስጠት በፊት ጥርት ያለ ሥዕል በአገራችን ምን እንደ ሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኀብ ያዘጋጀው ፊልም ታየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር የታየው ቀደም ብሎ፥ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። በአዲስ አበባ የታየው ግን እንደ መጀመሪያው ሳይሆን ደርግ አስቈርጦ ያስቀጠለው ነበር፤ የሚሞተው ሕዝብ ታይቶ የቤተ መንግሥቱ ግብር ይከተላል፥ ግብሩ ታይቶ የሚሞተው ሕዝብ ይመለሳል። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

በዚያ ፊልም ውስጥ የተቀጠለው እያንዳንዱ ሥዕል እውነት ነበር። ረኀቡም ነበረ፥ ግብሩም ነበረ፥ ረኀቡ ከዓለም መሰወሩም ከባድ በደል ነበረ፤ ማንም ይህን አይክድም። ቢሆንም በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለውን ስፌት ተመልካቹ እንዳያየው ተደረገ። ወሎና ጊቢው በአንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ግድግዳ ተከፍለው የሚኖሩ መሰሉ። ከዚያ ምሽት የቀረልን ትዝታ ራሱ እንደዚያው የተሰፋ ነው፤ ዕድሜያቸው ለዚያ የደረሰ ሰዎች ሲያወሩ ያዩትን ከሰሙት፥ የሰሙትንም በኋላ ካነበቡት ሲለዩት አላየሁም። ደብዛዛ ነገር አላሳታቸውም፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ነበርና የቀረበላቸው።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚሁ አይርቅም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል ቡርክ የተረከው የኮረም ረኀብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ያ ሥዕል ብዙ ነፍስ አድኗል፤ እህልና ገንዘብ፥ ሐኪምና አውሮፕላን ያስመጣ እርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለረዥም ዘመን የኢትዮጵያዊ ፊት በዓለም ዘንድ የረኀብ ፊት ሆኖ ቀረ። በዚያ መስከ የተነሡት ሰዎች ስማቸው አልተነገረም፥ ፊታቸው ግን እስከ ዐይናቸው ዝንብ ድረስ ታየ። ጁሊ ምሕረቱ ያን ጊዜ በሚሺጋን የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። አሠራርዋ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለ ነገር በግምት የሚባል አይደለም። እኔ የምለው ስለ ራሳችን ነው፤ ፊቱ ያለ ልክ ጠርቶ ለዓለም የታየ ሕዝብ፥ የሰውን መከራ ሸፈን አድርጎ ለሚያቀርብ ሥዕል ዐይኑን ሊነፍገው አይገባም።

በዚህ መንገድ ሲታይ የፈርጉሰኑ ሥዕል ሌላ ነገር ይሆናል። ያ ሰው እጁን ባነሣበት ሰዓት ፎቶግራፉ በሚሊዮን ስልክ ላይ ታይቶ በጣት ተገፍቶ ዐልፏል። በሸራው ፊት የቆመ ሰው ግን በጣት ሊገፋው አይችልም፤ ቆሞ መፈለግ አለበት። ስለዚህ በደል ነው የሚለውን ክስ አንሥቻለሁ፤ ቅር መሰኘቴን ግን አላነሣሁም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሚፈልግ ሰው ይፈልጋል፥ የማይፈልግ ሰው ግን ቀለሙን አድንቆ ሊሄድ ይችላል። በታላላቅ ሀብታሞች ቤት የሚሰቀል ሥዕል ይህ ፈተና ይበዛበታል።

ነገሬን ጥቂት አዘንብዬ ለካህናት አንባቢዎቻችን የሚገርም አንድ ነገር ልጨምር። በሳን ፍራንሲስኮ ለሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠራቻቸው፥ በ2017 የተፈጸሙት ሁለት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ቁመታቸው ከ8 ሜትር፥ ወርዳቸው ከ9 ሜትር ተኩል ይበልጣል። የሚበቃ ቤት በመጥፋቱ በኒውዮርክ፥ በሃርለም ሰፈር፥ አገልግሎቱን ባቆመ በአንድ ካቶሊካዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሣሉ። ቅዳሴ በቀረበት ሕንፃ፥ መብራትና ዕጣን በጠፋበት፥ የአመፅና የተቃውሞ ፎቶግራፎች ከአሜሪካ የጥንት ተራራና ሸለቆ ሥዕሎች ጋራ እየደበዘዙ ወደ ግድግዳ ወጡ። ሥራው ያስደንቃል። ግን እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሁለቱ በመጠናቸው ያስፈራሩኛል እንጂ እንደ «ሂኔኒ» አያስጨንቁኝም።

«ሂኔኒ» ከእነርሱ ጋራ ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 3 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በፓሪስ የፖምፒዱ ማእከል ንብረት ነው። መደቡ ብርቱካናማና ቢጫ፥ ቀይም ነው፤ በመካከሉ አረንጓዴና የጢስ ቀለም ይገባበታል። በዚህ ላይ ጥቁሩ ቀለም እንደ ከሰል ስብርባሪ፥ እንደ ተቃጠለ ወጋግራ፥ አንዳንድ ጊዜም እንደሚሸሽ ሰው ሆኖ ይበተናል። እሳት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የማን እሳት እንደሆነ ግን ከሥዕሉ አያገኘውም።

ሁለተኛውና ከባዱ ክርክሬ ይህ ነው። የካሊፎርኒያው እሳት በድርቅና በብርቱ ነፋስ የተስፋፋ ሰደድ ነው። የሮሂንጋን መንደሮች ግን ያቃጠለው የሰው እጅ ነው፤ ወታደር መጥቶ ነው ያቃጠላቸው፤ ከ700 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ድንበር ተሻግረው ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ዳኛ እነዚህን ሁለቱን በአንድ መዝገብ አይከፍታቸውም። አንዱ አደጋ ነው፥ ሁለተኛው ወንጀል ነው። ሁለቱን በአንድ ነበልባል ያቀለጠ ሥዕል ወንጀለኛውን ከአደጋው ጢስ ኋላ አይሸሽገውምን? የደርግ ፊልም ሁለት እውነት ሰፍቶ አንድን ሰው ለመክሰስ ተጠቀመበት፤ ይህ ሥዕል ደግሞ ሁለት እሳት ሰፍቶ ማንንም ሳይከስ ቀረ። አንባቢ ሆይ፥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ ቀላል እንዳይመስልህ።

ለሠዓሊዪቱ ሊባል የሚችለው ይህ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ነበልባሉ አንድ ነው፤ ሕፃን አንሥቶ የሚሸሽ ሰው እሳቱን ነፋስ ይንዳው ወይም ወታደር ቆሞ አይጠይቅም። ደግሞም ስፌቱን አልደበቀችውም፤ ምን ከምን እንዳደባለቀች በግልጽ ተናግራለች። ይህ ከአዲስ አበባው ፊልም ይለያታል። ሆኖም ንግግርዋ ከሸራው ውጭ ነው የሚገኘው፤ ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ያንን አይሰማም። በዚህ ረገድ ነጻ ላወጣት አልቻልሁም፤ ሥዕሉን እየወደድሁት ይህን ጉድለቱን እይዝበታለሁ።

ሥዕል ያለ ጽሑፍ ካልተናገረ ምን ሥዕል ነው? የሚሉ አሉ። በዚህ ግን አልስማማም። የእኛም ሠዓልያን በሥዕላቸው ራስጌ ላይ «ዘከመ» ብለው ጀምረው የሆነውን ነገር ይጽፋሉ፤ የቅዱሱም ስም ከአክሊሉ አጠገብ አይቀርም። ጽሑፍ ለሥዕል ውርደት ሆኖ አያውቅም። «ሂኔኒ»ም ከስሙ ቀጥሎ የኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 3 ቍጥር 4 ምልክት ተጽፎበታል፤ ሙሴ በሚነድደው ቍጥቋጦ ፊት በስሙ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መልስ የሰጠበት ስፍራ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ቍጥቋጦ እንግዳ አይደለም። የሐሙስ ውዳሴ ማርያም ድንግልን በእርሱ ይመስላታል፤ እሳቱ የማያቃጥለው፥ ቅጠሉ የማይጠወልገው ዕፅ ነውና። ሠዓሊዪቱ ግን ይህን ስም የሰጠችው ለሚያቃጥል እሳት ነው፤ ቤቱም ዐመድ ሆኗል፥ ጫካውም ዐመድ ሆኗል። ይህ ስሕተት ነው የሚል ካህን ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ስሙ ስለ እሳቱ የተነገረ አይመስለኝም፤ በእሳቱ ፊት ስለ ቆመው ሰው የተነገረ ነው።

ቃሉ በዕብራይስጥ «እነሆኝ» ማለት ነው። ሰባው ሊቃውንት ወደ ግሪክ በመለሱት ኦሪት ግን በዚያው ስፍራ የሙሴ መልስ ጥያቄ ነው፤ «ምንድር ነው?» እንደ ማለት ነው። ሊቃውንት ስለዚህ ልዩነት የሚሉት ይኖራቸዋል፤ እኔ ወደዚያ ጥልቅ አልገባም። ነገር ግን በዚህ ሥዕል ፊት ሁለቱም ንባብ ቦታ አለው። በቡና ቤቱ በር የቆሙት እናት ሁለተኛውን ጠየቁ፤ የማን ቤት ነው አሉ። ያ ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ጊዜ ሳይሰጠው ኳስ ጨዋታ መጣ። ሥዕሉ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጣቢያውን የሚቀይር ሰው ማጥፋቱ ነው።

እኔ ራሴ ሥዕሉን ያየሁት በስልክ መስተዋት ላይ ነው። ከመስተዋት ተወስዶ የተሣለ ነገር በመስተዋት ተመልሶ ጉብሬ ደረሰ፤ ሦስቱ ሜትርም በመዳፌ ውስጥ ገባ። ይህ ለፍርዴ ጉዳት እንደሆነ አልክድም። ባለፈው ሰሞን ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ለአንድ ወጣት አሳየሁት። መጀመሪያ ስልኩን አዙሮ ላዩ የቱ፥ ታቹ የቱ እንደሆነ ፈለገ። ቀጥሎም «እሳት ነው» አለኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ጥቂት ቆይቶ «ጋሼ፥ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም አገር ነገርሁት። ከዚህ በኋላ አልመለሰልኝም፤ በሁለት ጣቱ ሥዕሉን እያሰፋ በጥቁሩ ቀለም ውስጥ ሰው ይፈልግ ጀመር።